ጣሳ የተደፋበት ደጃፍ

ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወራችሁ ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ደምበጫን፣ ጂጋን፣ ፍኖተ ሰላምንና ማንኩሳን አቋርጦ ቡሬ ስለሚገባው መንገድ ነው። ማንኩሳን የማያውቅ የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ አንብቧታል፤ ያላነበበም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ ሰምቷታል። የኔ ትረካ ግን ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል አይደለም። ስለ ቤት ነው፤ ደጃፉ ላይ እንጨት ተተክሎ፣ እንጨቱ ጫፍ ላይ ጣሳ ስለሚደፋበት ቤት።

ያንን ጣሳ ፊደል የቆጠረም ያልቆጠረም ያነበዋል። ጠላው ደርሷል፣ ግቡ ማለት ነው። ገበያተኛው ከሩቅ ያየዋል፤ አህያውን ከአጥሩ ያስርና ጎንበስ ብሎ ይገባል። ውስጡ ጨለም ያለ ነው። ዙሪያውን ግድግዳውን ተጠግቶ የተሠራ የጭቃ መደብ አለ፤ መደቡ ላይ አጎዛ ወይም ጆንያ ተነጥፏል። ከጓዳው የወይራ ጢስ ይሸታል።

ዛሬ በነዚያ ከተሞች አሮጌ መንደሮች ስታልፉ ግድግዳቸው ያዘመመ፣ ቆርቆሯቸው የዛገ ቤቶች ታያላችሁ። አንዱ ፀጉር ቤት ሆኗል፤ አንዱ ሞባይል ይጠገንበታል፤ አንዱ ተከራይ ተማሪዎች ይኖሩበታል። ሽማግሌ ብትጠይቁ «ዱሮ ጠላ ቤት ነበር» ይላችኋል። «የማን ነበር?» በሉት። እዚህ ላይ ሽማግሌው ያስባል። «የአንዲት ሴትዮ ነበር» ይላል። የሴትዮዋን ስም ግን ሁልጊዜ አታገኙትም። ትረካዬ ይህችን ስሟ የጠፋ ሴት ፍለጋ ነው።

ከመነሻው ልጀምር። ቡሬ የቆየች የገበያ አገር ናት። መኪና ሳይታወቅ፣ ከአባይ ማዶ የሚመጣው ቡናና ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ በጎጃም አድርጎ ወደ ሰሜን ይወጣ ነበር፤ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይወርድ ነበር። ሲራራ ነጋዴው በቅሎና አህያውን ጭኖ፣ ድንኳኑን ተክሎ፣ ድንኳኑን ነቅሎ፣ ወር ከወር ይጓዛል። ክረምት ገብቶ አባይ ሲሞላ መሻገር የለም፤ ውሃው እስኪጎድል ባለበት ይከርማል። የከረመ ሰው ይርበዋል፤ ይጠማዋል፤ ጨዋታም ይናፍቀዋል።

በጎጃም ባላገር ቤት የመጣ እንግዳ የእግዜር እንግዳ ነው። እግሩ ይታጠባል፤ እራቱ ይቀርብለታል፤ መኝታው ይነጠፍለታል፤ የዋጋ ነገር አይነሳም። ይሁንና በየገበያው የሚመላለሰው ሕዝብ፣ ከሹሙ ጋር የሰፈረው ወታደር፣ ከዳኛ ደጅ የሚጠናው ባለጉዳይ፣ ይሄ ሁሉ የእግዜር እንግዳ ልሁን ቢል የትኛው ጎተራ ይችለዋል? እንግዳ ሲበዛ መጠጥ በዋጋ የሚሸጥበት ቤት ያስፈልጋል። ያንን ቤት የከፈተችው ሴት ናት።

ለምን ሴት ብትሉኝ ምክንያቱ ከማሳው ይነሳል። በጎጃም የርስት ሥርዓት ሴት ልጅም ከአባቷም ከእናቷም ወገን መሬት ትካፈል ነበር። ስትፋታም ከንብረቱ ድርሻዋን ትወስዳለች። መሬቱን የሚያርሰው ግን በሬ ነው፤ በሬውን የሚጠምደው ወንድ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ወይም በልጅነቷ ተድራ ትዳሩ ያልሰመረላት ሴት፣ መሬት እያላት የሚያርስላት ታጣለች። መሬቷን ለሌላ ሰጥታ እኩል ወይም ሲሶ ብትቀበልም ለዓመት አይበቃትም። ታዲያ በእጇ ያለው ሙያ ምንድን ነው? እናቷ ያስተማረቻት ጠመቃ ነው። ለማኅበርና ለዝክር፣ ለሠርግና ለተዝካር ስትጠምቅ ኖራለች። ያንኑ ሙያ ይዛ ገበያ አጠገብ ትሰፍራለች።

ሙያው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጋኑ በመጀመሪያ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፤ ይታጠባል፤ ደግሞ ይታጠባል። ከዚያ የወይራ ስንጥር ፍም ላይ ይደረግና ጋኑ ተደፍቶበት ይታጠናል፤ ሆዱ በጢስ እስኪጠቁር ድረስ። የተወቀጠ ጌሾና ብቅል በውሃ ይጠነሰሳል፤ ጥንስሱ ጥቂት ቀን ይሰነብታል። ዳጉሳው፣ ገብሱ ወይም በቆሎው ይቆላና ይፈጫል፤ አሻሮው በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ ይበስልና እንኩሮ ይሆናል። እንኩሮው ከጥንስሱ ጋር ይገናኛል፤ ድፍድፍ ይባላል። የጋኑ አፍ ይታፈናል። ሌሊት ሴትዮዋ ጆሮዋን ወደ ጋኑ ጠጋ አድርጋ ትሰማዋለች፤ ሲንተከተክ፣ ሲረጋ፣ ዝም ሲል ታውቀዋለች። የሚጨመረውን ውሃ በእጇ መጥና፣ ቀን ቆጥራ ለገበያው ቀን ታደርሰዋለች። አንድ ቀን ቢቀድም ጉሽ ነው፤ አንድ ቀን ቢዘገይ ይኮመጥጣል። ከጠላው በኋላ ቅራሪ አለ፤ ከቅራሪው በኋላ አተላው ለከብት ይሄዳል። የሚጣል ነገር የለም።

ጠጪው ተቀምጦ ሲጠብቅ ሴትዮዋ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ትመጣለች። ከመቅዳቷ በፊት ጥቂት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ራሷ ትቀምሳለች። ይህ የቆየ ወግ ነው፤ መጠጤ ንጹሕ ነው፣ እኔም እጠጣዋለሁ ማለት ነው። የጎደለውን ስትሞላ አንዳንዴ ምርቃት ትጨምራለች። የዱቤው መዝገብ በራሷ ውስጥ ነው፤ ማን ስንት ጠጣ፣ ማን መቼ ሊከፍል ማለ፣ ማን በሬ ሞቶበት እንደምትታገሰው፣ ሁሉን ታውቃለች።

ቤቱንም ያቆመችው እሷ ናት። እንጨቱን ወንዶች ያቆሙላታል፤ ማገሩን ይመቱላታል። አፈሩ ይቆፈራል፤ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፤ ውሃ ጠጥቶ በእግር ይረገጣል፤ ለቀናት ተከድኖ ይቆያል። ሽታው ተለውጦ እጅ ላይ ሲለጠጥ ያኔ ለግድግዳ ደረሰ። አንድ ጊዜ ይመረጋል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ላይ ደግሞ ይመረጋል። የመጨረሻውን ልስን በእበትና በነጭ አፈር የምታለሰልሰው ራሷ ናት። ክረምት ካለፈ በኋላ፣ ለመስቀል፣ እንደገና ትለስነዋለች። የጭቃ ቤት ነዋሪው እስካለ ይኖራል። የሚለስነው እጅ ከቀረ ጥቂት ክረምት አይችልም።

እንግዲህ ዘመኑ እየገፋ ሄደ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ጎጃም ገባ። ቡሬ ላይ ምሽግ ሠራ፤ ደምበጫ ላይ ሠራ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ሠራ። አርበኛው ጫካ ገባ፤ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬን፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን የመሳሰሉ መሪዎች በጎጃም ተነሱ። የጠላት ወታደር ከምሽጉ ወጥቶ ራቅ ማለት ይፈራ ነበር።

ያኔ በየከተማው የውስጥ አርበኛ የሚባሉ ነበሩ፤ ከጠላት ሰፈር እየኖሩ ወሬውንና ጥይቱን ለጫካው የሚያሻግሩ። በሸዋ በኩል የሸዋረገድ ገድሌ ስም ተጽፎ ቀርቷል፤ ወይዘሮ ነበሩና፣ ሀብታቸውም ይታወቅ ነበርና። ወታደር ጠጥቶ ምላሱ የሚፈታባት ቤት ባለቤትስ? ነገ የቱ ጦር በየት እንደሚወጣ ከእሷ በላይ ለመስማት የተመቸ ማን ነበር? በመጽሐፍ የሰፈረ ስም አላገኘሁላትም። ለአርበኛ ስንቅ ካቀበሉት፣ ወሬ ካደረሱት ሴቶች መካከል ግን ጠማቂዎቹን ነጥሎ የሚያስቀር ሚዛን የለም።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል የሱዳንን ድንበር ተሻግረው ገቡ። ጌዴዎን የተባለው ጦር፣ ሱዳኖችና ኢትዮጵያውያን የተሰለፉበት፣ በእንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት እየተመራ በበላያ በኩል ወደ ቡሬ ገሰገሰ። ቁጥሩ 2,000 እንኳ የማይሞላ ነበር። ዕቃውን የጫኑት ግመሎች ደጋውን አልቻሉትም፤ በሺዎች እየወደቁ በመንገድ ቀሩ። ጦሩ በድምፅ ማጉያና በአማርኛ በተጻፈ ወረቀት ጭምር ይዋጋ ነበር። ጣሊያን የመጣበት ጦር ብዙ መሰለው። የካቲት 25 ቀን የቡሬን ምሽግ ጥሎ ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ደምበጫ አጠገብ፣ ቀድሞ ያለፈው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ከሚያፈገፍገው የጠላት ጦር ጋር ፊት ለፊት ተላተመ፤ ብዙ ሰው ወደቀ። ንጉሠ ነገሥቱ በቡሬ ሰንብተው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ። እግረ መንገዳቸውን ያለፉባት ወጀት ፍኖተ ሰላም ተባለች።

ይህ ሁሉ ተጽፏል። ጀኔራሉ ተጽፏል፤ ሻለቃው ተጽፏል፤ ግመሉ እንኳ ተቆጥሮ ተጽፏል። በየመንደሩ ወጥታ ለዘመተው ጠላ የቀዳችው አልተጻፈችም።

ከነጻነት በኋላ ፍኖተ ሰላም አደገች። ፍርድ ቤትና መሥሪያ ቤት መጣ፤ ሆስፒታል መጣ፤ ከሁሉ በላይ ባለጉዳይ መጣ። ከቋሪት፣ ከደጋ ዳሞት፣ ከወምበርማ በእግሩ ሁለት ቀን ተጉዞ የመጣ ባላገር፣ ቀጠሮው ለነገ ሲባል፣ ራፖር ጸሐፊውን አነጋግሮ የሚያርፈው የት ነው? ከጠላ ቤቱ መደብ ላይ ነው። ጠላ ቤቱ ማደሪያው ነበር፤ ዕቃ የሚያስቀምጥበት አደራ ቤቱ ነበር፤ የአገሩን ሰው የሚያገኝበት፣ የሚታረቅበት፣ ደብዳቤ የሚተውበት ቤቱ ነበር። በበዓልና በገበያ ቀን ማሲንቆውን ያነገተ አዝማሪ ይገባል። ቅኔ በሚወደድበት በዚህ አገር አዝማሪው የሰጠውን ግጥም ወርቁን ከሰሙ የሚለይ ጠጪ ከመደቡ አይጠፋም፤ መሪጌታው እንኳ ደጅ ቆሞ ያዳምጣል።

በ1960 ዓ.ም. ጎጃም ታመሰ። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ነበር። ገበሬው መሬቴ ሊለካ ነው፣ ርስቴ ሊሄድ ነው ብሎ ሰጋና አመፀ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። ኋላም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሱ፤ የግብሩም ውዝፍ ተማረ። ጋዜጣ በማይደርስበት አገር ገበሬው የሰው ወሬ ሰምቶ የሚመክረው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ገበያና ጠላ ቤት ነው። አገር የሚመክርባቸው ቦታዎች እነዚህ ነበሩ።

ከዚያ ደርግ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አንድ ቤት ለመኖሪያ፣ የሚከራየው ትርፍ። ከ100 ብር በታች የሚከራየው ለቀበሌ ተሰጠ። በብዙ ሺህ ድሃ ተከራይ ላይ የተጫነውን ኪራይ አቅልሏል፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን አስቡት፤ አንዲት ሴት ከሰባት ጋን፣ ከአስር ዓመት፣ ከሃያ ዓመት ጠላ ቆጥባ ሁለተኛ ክፍል አስጨምራለች፣ ከዚያም አጠገቡ ሌላ ቤት አሠርታ አከራይታለች። ጡረታዋ ያ ነበር። በአዋጁ ቀበሌ ተረከበው። ቤቱ ቁጥር ተሰጠው፤ በመዝገብም የቀበሌ ቤት ተባለ። ስሟ ከወረቀቱ የወጣው ያኔ ነው።

ስሟ ከሰው አፍ የጠፋው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ከመጠጥ ሽያጭ ጋር ሌላ ነገር የተያያዘባት ነበረች፤ ሴት አዳሪም፣ ኮማሪም እየተባለች ተሰድባለች። አረቄ የበላው ትዳርና ዕድሜ እውነት ነው፤ ካህናቱም ሕዝቡን የገሠጹት በከንቱ አይደለም። ልጆቿ አስተማሪና ሐኪም፣ ሹፌርና መኮንን ሲሆኑ ብዙዎቹ እናቴ ጠላ ሸጣ አሳደገችኝ ማለትን አፈሩ። ያስተማራቸው ጋኑ ነው። የደብተሩ፣ የዩኒፎርሙ፣ የኪራዩ ገንዘብ በብርጭቆ እየተቀዳ የመጣ ነው። የሚያሳፍር ነገር ከነበረ የሚያሳፍረው መሬት እያላት አራሽ ያጣችበት ሥርዓት እንጂ እሷ አይደለችም።

በ1992 ዓ.ም. ግድም ጎንደር ላይ ዳሽን ቢራ ሲመረት የቢራ ሳጥን በዚህ መንገድ እየበዛ መጣ። ወጣቱ ጠርሙስ ያዘ። ቡሬ በበርበሬና በበቆሎ ገበያዋ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርክ ጨመረች፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ፊቤላ የዘይት ፋብሪካ ተመረቀባት። መንገድ ሲሰፋ፣ ማስተር ፕላን ሲወጣ መጀመሪያ የሚነሳው መንገድ ዳር ያለው የጭቃ ቤት ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ አገሩ ላይ ጦርነት ወርዷል፤ ቤት ከነሰው የሚጎዳበት ጊዜ ሆኗል። ማፍረስ ዛሬ ቀላል ነው።

አዲስ አበባን አይታችኋል? እቴጌ ጣይቱ ያስከፈቱት ሆቴል በ1898 ዓ.ም. ግድም ተሠርቶ እስከ ዛሬ አለ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት በልቶት ነበር፤ አገር አለቀሰ፤ ተጠግኖ ቆመ። እቴጌይቱ ራሳቸው ለእንግዳ የሚበላውንና የሚጠጣውን እንዳዘዙ ይነገራል። ያስከፈቱት ንግሥት ስለሆኑ የተጠበቀ ቤት ነው። ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ደግሞ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ ፈረሰ። ነገር ግን ባለቤቱ መላኩ በላይ በዓለም መድረክ እየዞረ ስለጨፈረ፣ ቤቱ ቢፈርስም ስሙ፣ ፎቶውና ዘፈኑ ቀርቷል።

በእንግሊዝ ገጠርም መጠጥ ቤት የነበረ የጡብ ቤት ዛሬ መኖሪያ ሆኖ የቀድሞ ስሙን በደጃፉ ጽፎ የሚኖር ሞልቷል። ታሪካዊ ነው የተባለውም በመንግሥት መዝገብ ይሰፍራል፤ ባለቤቱ እንደፈለገ አፍርሶ አይሠራውም። ጡብ መቶና ሁለት መቶ ዓመት ይቆያል፤ ሰው ቢረሳው ግድግዳው ያስታውሳል። የኛው ቤት የጭቃ ነው። ግድግዳው አያስታውስልንም። እኛም በ1992 ዓ.ም. የወጣ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 አለን፤ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ለመጠበቅ ሲጠቀስ እንሰማለን። ለአንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ሲጠቀስ ግን አልሰማሁም። ስለዚህ የሚጠበቀው ነገር ሌላ መሆን አለበት። ቤቱን ማቆየት ባይቻል ታሪኩን ማቆየት ይቻላል፤ እሱም በወረቀት ነው።

ይህ ከባድ ሥራ አይደለም። ፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ላይ ካምፓስ አለው። የታሪክና የአማርኛ መምህራን ተማሪዎቻቸውን እስክሪብቶ አስይዘው ወደ አሮጌው መንደር ይላኳቸው። ባል የሞተባቸውን አሮጊቶች፣ የቀድሞ የቀበሌ ጸሐፊዎችን፣ የእድር ዳኞችን፣ መሪጌቶችን ይጠይቁ። በየቤቱ አራት ነገር ይመዝግቡ፤ ማን ጠመቀችበት፣ ከየት መጥታ፣ በየትኛው ንጉሥ ወይም መንግሥት ጊዜ፣ ልጆቿስ የት ደረሱ። ቤቱን ከፊትና ከጓዳ ፎቶ ያንሱት። መደቡን ይለኩ። ጋኑ ካለ ሙያዋን ከሴት ልጇ ወይም ከጎረቤቷ ጠይቀው የጥንስሱን መጠን ይጻፉ፤ የዳጉሳው ከገብሱ፣ የደጋው ከቆላው ይለያልና። የከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መዝገቡን ይረከብ፤ ቤቱ ፈርሶ መንገድ ሲሠራበት ደግሞ መንገዱን ወይም መንደሩን በስሟ ይጥራው። ለጄኔራልና ለደጃዝማች የተሰየመ መንገድ ሞልቶናል፤ ባለጉዳዩን ያሳደረች፣ ለአርበኛው የቀዳች፣ ልጇን ዩኒቨርሲቲ ያደረሰች ሴት መንገድ ብታገኝ ፍርድ ነው።

እናንተም የምትሰሙኝ፣ እናታችሁ ወይም አያታችሁ ጠላ ሸጣ ካሳደገቻችሁ፣ ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ ስሟን ከነአባቷ ስም ንገሯቸው። ቤቷ የት እንደነበር አሳዩአቸው። በገበያ ቀን ስንት ጋን ታደርስ እንደነበር፣ ማንን ታስታርቅ እንደነበር፣ ለማን ዱቤ ትታገስ እንደነበር ተርኩላቸው። አታፍሩ። ከተሞቻችንን ከሥር ጀምሮ ያቆሙት እነሱ ናቸው፤ ስማቸው ደግሞ የኛ ዕዳ ነው።